ከግንባር የተላከው ስም

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሰሌዳ ላይ እገለብጥ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እርሳስ የምይዘው ጎረቤት ደብዳቤ ጻፊልኝ ሲለኝ ነው፤ እሱም የሰው ቃል እንጂ የእኔ አይደለም። የራሴን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ከስሜ ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የስም ነገር ነውና።

ስሙን ራሱን ግን አልጽፈውም። ትርጉሙ ይበቃል። አባቴ ያወጣልኝ ስም «ሴት በቃን» ማለት ነው። ከእኔ በፊት እህቶቼ ተደርድረዋል፤ እኔ ስመጣ አባቴ ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ስሙን ለእኔ አላወጣውም። ለእግዚአብሔር የተላከ ልመና ነው፤ እኔ ተሸካሚው ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ወንድሜ ተወለደ። ዘመድ ሁሉ ባየኝ ቁጥር «ስምሽ ሠራ» እያለ ራሴን ይዳብሰኝ ጀመር። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግን ስሙን ማንም መልሶ አልወሰደልኝም።

አገራችን ጎረቤላ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን አስተማሪያችን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበር። ስም ሲጠራ የእኔ ላይ ቆመና «ምን ማለት ነው?» አለኝ። አቀረቀርኩ። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «አባቷ ሴት ሰልችቶት ነው» ብሎ መለሰልኝ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪውም ሳቀ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምለው በጣም ቀስ ብዬ ስለነበር ፊቱ ተቀምጬ ቀሪ ተብያለሁ።

አሁን ሳስበው የክፍላችን ልጆች ስም ሁለት ዓይነት ነበር። የወንዶቹ ትእዛዝ ነው፤ ግዛ፣ ውረስ፣ ይፍሩህ የሚል። የሴቶቹ ወይ ምስጋና ነው ወይ ልመና፤ አማርሽ፣ ወርቅ ነሽ፣ በቃሽ። ወንዶቹን ስማቸው ወደ ውጭ ይልካቸዋል። እኛን ስማችን አስቀምጦ ያየናል።

ከጎረቤላ ቁልቁል ወዳለ መንደር ተዳርኩ። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። አማቴ አናቴ ላይ ቅቤ እያደረጉልኝ ስሜን ጠየቁኝ። ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

«ይኼ ስም እቤቴ አይገባም» አሉ። «ሴት በቃን ይላል እንጂ ወንድ አምጪ አይልም። ግማሽ ጸሎት ነው።»

ሌላውን ግማሽ እሳቸው ጨመሩበት። የወንዶች እናት ማለት የሆነ ስም አወጡልኝና ሴቶቹ እልል አሉ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ስም አለኝ። ሁለቱም ስለ ወንድ ልጅ ነው የሚያወሩት። በሁለቱም ውስጥ እኔ የለሁም።

አማቴ ክፉ አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። የወለዷቸው ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ሁሉም ተድረው ሄደዋል። ሰው «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲላቸው «አንድ» ይላሉ። ያ አንዱ ባሌ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ፣ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ስሙን በስብሰባ ላይ ሲያነብ፣ አማቴ ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እንደተቀመጡ ሰው ሁሉ ሄደ። እኔ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

ባሌ ሊሄድ ሲል አውድማው ላይ ገለባ እየሰበሰብን ነበር። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ወደ እኛ እየወጣ ነው።

«ወንድ ከሆነ ስሙን እልካለሁ» አለኝ።

«ሴትስ ከሆነች?»

ሳቀ። «ሴት ከሆነችማ አንቺ የወደድሽውን በያት። ማን ይከራከርሻል?»

ሳቁ ቅር አሰኘኝ፤ ቃሉን ግን ያዝኩት። መሬት ሲከፋፈል ድንጋይ የበዛበትን ጥግ ማንም ስለማይፈልገው ለድሃ እንደሚተዉት ነው የተወልኝ። ያም ቢሆን የእኔ ነበር። ማታ ማታ ሆዴን ይዤ እዚያች ጥግ ላይ ስም እዘራ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ ቆርጬ ነበር፤ ሴት ከሆነች የማንንም ልመና አታዝልም።

የወለድኩት ከሰዓት በኋላ ነው። አማቼ፣ የባሌ አባት፣ ውጭ ግንድ ይፈልጡ ነበር፤ የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማኛል። ልጁ ሲወጣ መጥረቢያው ቆመ። በእኛ ዘንድ ለወንድ ሰባት እልልታ፣ ለሴት ሦስት ነው፤ ደጅ ያለ ሰው ቆጥሮ ያውቃል። ሴቶቹ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ጸጥ አለ። መጥረቢያው እንደገና ጀመረ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ አማቴ። ግንባሬን ሳሙኝ። ገንፎውን በእጃቸው አጎረሱኝ። ልጅቷን ግን ያየኋቸው እንደ እንግዳ ሲያዩዋት ነው፤ መምጣቷ ያልተነገረላት እንግዳ።

ባሌ ወዳለበት ጦር የሚመላለስ አንድ ሹፌር ነበር። ከታች ቆላው ያለችው የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ እስላም። እናቱ ገበያው ውስጥ ጥጥ ይሸጣሉ፤ ባሌ ገብስ ጭኖ ሲወርድ እሳቸው ዘንድ ስለሚያርፍ ልጅየው ወዳጁ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሲመለስ ቃል ያመጣል። ደብዳቤ መጻፍማ እችል ነበር። ግን ባሌ ፊደል አልቆጠረም፤ ሌላ ሰው ነው ጮክ ብሎ የሚያነብለት፤ እሱም ከደረሰ ነው። የሹፌሩ አፍ ይሻል ነበር።

ከወለድኩ በሁለተኛው ሳምንት ይህ ሹፌር መጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቻለሁ፤ አራስ አይታይም። ድምፁን ሰማሁ።

«እንኳን በሰላም ተገላገለች እማማ። ነገ እጭናለሁ። ምን ልበለው?»

አማቴ ሻይ ይቀዱለት ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል።

«ወንድ ነው በለው» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ። ወላሂ እኔ ነኝ የማበስረው። ማንን ይመስላል?»

«ቁርጥ አባቱን።»

ልጅቷ እየጠባች ነበር። አፌን ከፈትኩ። መጋረጃው ከእኔ ክንድ አይርቅም፤ ገለጥ አድርጌ «ሴት ናት» ማለት ነበረብኝ። ልጅቷን ወደ ሌላው ጡቴ አዞርኳት። ሹፌሩ መርቆ ሄደ።

አማቴ ወደ ውስጥ ገቡና ከጎኔ ተቀመጡ። አላፈሩም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ። «ወንድ ልጅ ያለው ሰው ጥይት ሲመጣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። የሚመለስበት አለው። ሲመጣ እውነቱን ያያል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መጥቷል።»

ሴት ልጅ ያለው ሰውስ አንገቱን ዝቅ አያደርግም ወይ ብዬ አሰብኩ።

መንደሩ ሁሉ ሴት መሆኗን ያውቃል። ውሸቱ የሚኖረው ግንባር ብቻ ነበር። ግን እቤታችንም ይንቀሳቀስ ጀመር። ወንድ በአርባ ቀን፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት። አርባው የሞላ ዕለት አማቴ እሳቱ ዳር ተቀምጠው «ዛሬ እዚያ ሆኖ ልጄ ተጠመቀ እያለ ነው» አሉ። እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር። እሱ የሌለ ልጅ ይዞ ያድራል፤ እኔ ያለችውን ይዤ አድራለሁ።

የልጅቷ ሰማንያ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። አሁን ከመጋረጃው ወጥቼ ጓዳው በር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ልጅቷን ነጠላዬ ውስጥ ሸፍኛታለሁ። አማቼ አልጋው ላይ፣ አማቴ በርጩማ ላይ። ሹፌሩ ተደስቷል።

«የነገርኩት ዕለት ሲጋራውን ለሰፈሩ ሁሉ አደለ። እኔም አላጨስም እያልኩ ተቀበልኩት» አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃል ልኳል። እንዲህ በላቸው አለኝ። ልጄን ምትኬ በሉት። እስካሁን ልጄን ሳላይ እያልኩ ወደ ኋላ እል ነበር። እንግዲህ ቤቴ አልተዘጋም፤ የሚተካኝ አለ። ወደ ፊት ለሚወጣው ቡድን ማን ይሄዳል ሲባል እኔ እጄን አወጣሁ። አትስጉ፤ አሁን አልፈራም።»

ሹፌሩ ፊታችንን አየና ያልገባው ነገር እንዳለ ገባው።

«መቼ ነው የሚወጡት?» አሉ አማቼ።

«ብርዱ ከባድ ነው፤ ብርድ ልብሱን እየጠበቁ ናቸው። የምወስደው እኔ ነኝ። እኔ ስደርስ ነው የሚነሱት።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ነገ ገበያ ነው፤ እናቴን አያታለሁ። ከነገ ወዲያ ደብረ ብርሃን እጭናለሁ።»

እሱ ከወጣ በኋላ አማቴ በርጩማው ላይ እንደነበሩ ቀሩ። ልጃቸው አንገቱን ዝቅ እንዲያደርግ የላኩት ቃል አንገቱን ቀና እንዲያደርግ አድርጎት ነበር። ይህ ለእሳቸውም እንደገባቸው ከእጃቸው አየሁ፤ ጉልበታቸውን ደጋግመው ይጠርጉ ነበር፣ ምንም ሳይኖርበት።

አማቼ ግን ሌላ ነገር ነበር የያዙት።

«ጥሩ ስም ነው» አሉ። «ልጅቱም ይህንኑ ትባል። ምትኬ ለሴትም ይሆናል። የአባቷ ቃል መሬት አይወድቅም። ለቄሱ እንነግራለን።»

ልጅቷን አየኋት። ነጠላው ውስጥ ጣቷን ትጠባለች። ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር ምትኬ ብዬ እጠራታለሁ፤ ውሃ ስወርድ፣ ስትወድቅ፣ ስትበላ። በጠራኋት ቁጥር አባትሽ ተተክቷል፣ አባትሽ አይመጣም እላታለሁ። ሰውየው ገና በሕይወት እያለ።

አማቼ ሲወጡ ተነስቼ አማቴ አጠገብ ቆምኩ።

«እማማ፣ ይነገረው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሴት መሆኗ።»

«ዛሬ? ሊወጣ ሲል?» ቀና ብለው አላዩኝም። «ልቡ የተሰበረ ሰው ጥይት ይጠራል። ቢያንስ ደስ ብሎት ይሂድ። ዝም በይ ልጄ። ዝም ማለት ታውቂበታለሽ።»

እውነታቸውን ነው፤ አውቅበታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ምትኬ ስለሚለው ቃል አሰብኩ። አማቴ እንዳሉት ሊሆን ይችል ነበር። ሴት መሆኗን ሰምቶ ልቡ ቢሰበርስ? እሳቸው እናቱ ናቸው፤ ያውቁታል። እኔ አብሬው የኖርኩት ሁለት ክረምት ነው። ግን ምትኬ የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ደስ ብሎት አይደለም የሚሄደው፤ ጨርሶ ነው የሚሄደው። ይህ ነበር ሲያስጨንቀኝ ያደረው።

በነጋታው የቤተ ክርስቲያኑ ወርኃዊ በዓል ስለነበር አማቴ በማለዳ ወጡ። አማቼ ለማህበሩ እርሻ ሄዱ። ልጅቷን አዘልኳት። ያልተጠመቀ ልጅ ከደጅ አይወጣም፤ ወንዝ አያሻግሩትም። ትራስጌዬ የነበረውን ቢላ ብረቱ ከክፉ እንዲጠብቃት መቀነቴ ውስጥ ሻጥኩት፤ ጤና አዳም ቀነጠብኩና አንገቷ ሥር አሰርኩላት። ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

የአሊዩ አምባ መንገድ የወረደበትን ሰው ጉልበት ይፈታል። ላዩ ጉም ነው፤ የሚታየኝ የምረግጠው ድንጋይ ብቻ ነበር። ዝቅ እያልኩ ስሄድ ጉሙ ከላዬ ቀረ፤ ሙቀቱ መጣ፤ ልጅቷን ጀርባዬ ላይ ያልባት ጀመር። ወንዙን ስሻገር በስመ አብ ብዬ ዓይኗን በእጄ ሸፈንኩት።

ከወንዙ ማዶ የማህበሩ ጥበቃ መንገደኛ ያስቆማል። መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቃሪያ በዳቦ ይበላ ነበር።

«የት ነሽ?»

«ገበያ።»

«ምንም አልያዝሽም።»

«ልገዛ ነው።»

«መቀነትሽ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

ቢላውን አወጣሁት። አየውና ሳቀ፤ ገባው። «አራስ ነሽ። ልጅ ነው ያዘልሽው?»

«አዎ።»

«ወንድ ነው?»

«ሴት ናት» አልኩ።

በድምፄ ነበር የተናገርኩት። ድምፄ ከድንጋዩ ተመልሶ ሲመጣ የሰማሁት መሰለኝ።

«ግድ የለም» አለ ጥበቃው፣ ሊያጽናናኝ ብሎ። «የሚቀጥለው ወንድ ይሆናል። ሂጂ።»

ገበያው ሞልቷል። የሹፌሩ እናት በቦታቸው፣ የጥጥ ክምራቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። በስም አያውቁኝም፤ የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነስተው አቀፉኝ።

«የምስራቹን ልጄ ነግሮኛል። የታለ ጎረምሳው?»

ልጃቸውን ፈለግኩት፤ ከኋላቸው ጥላው ሥር ምሳውን እየበላ ነበር። ሲያየኝ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«ምን ሆናችሁ?»

የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው። «ሴት ናት» አልኩት። «መጀመሪያም ሴት ናት። እማማ ናቸው ወንድ ያሉህ።»

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

«እኔን ውሸታም አደረጋችሁኝ» አለ። «አንድ ሻምበል ጦር ፊት። እዚያ እኮ ሰው በዚህ ነው የሚያድረው፤ አንዱ ወለደ ሲባል ሁሉም ወለደ ነው። ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ምስራቹን ተቀብዬዋለሁ።»

«ሲጋራ ነው የተቀበልከው፤ ትመልሳለህ» አሉት እናቱ። ልጅቷን ከጀርባዬ አውርደው አቅፈዋታል፤ መቼ እንዳወረዷት አላወቅኩም። «ደግሞ ምን ትቆጣለህ? አንተን ስወልድ አባትህ ሴት ነበር የለመነው። ጥጥ የምትፈትል ፈልጎ። አንተ መጣህ፤ ወረወርንህ እንዴ?»

«እማዬ፣ አሁን እሱ አይደለም።»

«እሱ ነው እንጂ። አይቷት ቢሆን አንዲት ሲጋራ አያድልም ነበር፤ እዚህ ተቀምጦ ያቅፋት ነበር።»

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ። ቁጣው ትንሽ ቀዝቅዟል። «ምን ልበለው?»

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ነበር። «ልጅህ ሴት ናት በለው። ምትክ የለህም በለው። ራስህ ና በለው።»

ይህን ስናገር ልጄን እያሳነስኳት እንደሆነ ተሰማኝ። እኔን ስሜ ውስጥ የቆለፈኝን ነገር፣ ሴት ቤት አትተካም የሚለውን፣ አባቷን ለመመለስ ብዬ እኔም አነሳሁት። ሌላ እሱ የሚሰማው ቋንቋ አልነበረኝም። ያልኩት እውነት ሆኖ አይደለም፤ እሱ ስለሚያምነው ነው። ሹፌሩ ግን ለእግሩ ጫማ መፈለግ ጀምሯል፤ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም።

«ስሟንስ ማን ልበለው?» አለኝ። «ምትኬ ካልሆነች?»

ለማንም ያልነገርኩትን ስም ነገርኩት። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው፤ ስታድግ ትጽፈዋለች። ጠዋት ከቆላው በኩል፣ ከእኛ በታች፣ መጀመሪያ የሚመጣውን ብርሃን የምንጠራበት ነው። ምንም አይለምንም። ለማንም ተብሎ አይደለም።

ሹፌሩ ደገመው። እናቱም ደገሙት፤ ልጅቷን እያዩ። «ይስማማታል» አሉ።

ዳገቱን ስወጣ ጉሙ ወርዶ አገኘኝ። ደጃችን ስደርስ አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን አልቀየሩም።

«የት ነበርሽ?»

«አሊዩ አምባ።»

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ አለቀሰች፤ እንዳዘልኳት ቆምኩ።

«ልጄን ወይ ገደልሽው ወይ አዳንሽው» አሉኝ። «የትኛው እንደሆነ እስካውቅ ድረስ አላናግርሽም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። አማቼ መካከላችን ተቀምጠው አማቴ «ሙሽራዋን ማሰሮው ሊገነፍል ነው በላት» ይሏቸዋል፤ እኔ ማሰሮው አጠገብ ቆሜ። አማቼ ይደግሙልኛል፤ እኔ አወርደዋለሁ። ክርስትና ስትነሳ ቄሱ የቤት ስሟን ማን አላችኋት ሲሉ አማቼ አፋቸውን ከፈቱ። ቀድሜ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አማቼ ሳሉና ዝም አሉ። ምናልባት ደንግጠው ነው፤ ድምፄን ያን ያህል ሰምተውት አያውቁም።

አማቴ ግን ስሟን አልጠሩም። «ልጅቱ» ነበረች። ልጅቱ ተርባለች፣ ልጅቱ በርዷታል፣ ልጅቱን ከእሳቱ አርቋት። ያቅፏታል፣ ያጥቧታል፤ አይጠሯትም። ክረምቱ በሙሉ እንዲህ ሆነ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም ወደ በሩ እናያለን። የገበሬ ማህበሩ ሰው መርዶ ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደሚራመድ መንደሩ ያውቃል፤ በዚያ ክረምት የተራመደባቸው ቤቶች ነበሩ። አንድ ቀን በእኛ አጥር አጠገብ ሲያልፍ አማቴ በእጃቸው የያዙትን ሰፌድ ለቀቁት። አልፎ ሄደ። ገብሱን አብረን ለቀምነው፣ ያለ ንግግር።

ጤፉ ሊታጨድ ሲል ሹፌሩ መጣ። ከበሩ ሳይገባ «አለ» አለ፤ መጀመሪያ ያንን ብቻ። ከዚያ ተቀመጠ።

«ስነግረው ሰደበኝ» አለ። «እናንተንም ሰደበ። ከዚያ ተቀመጠና ማን ያሳድጋታል፣ ማን ይድራታል፣ አባቴ እኮ አርጅቷል እያለ ብቻውን ያወራ ጀመር። ስሙን ማስሰረዝ አይቻልም፤ ወጡ። እኔ ተመለስኩ፤ ምንም ሳልሰማ ከረምኩ። አሁን ሆስፒታል አገኘሁት። እግሩን ተመትቷል፤ ይድናል ብለዋል፤ ሲድን ይለቁታል። ተኙ ሲባል ምትክ ቢኖረኝ ቆሜ ነበር የምቀረው፣ ያን ቀን ተኛሁ አለኝ። ከዚያ ስለ እሷ ጠየቀኝ፤ ስሟን እኔ ረስቼው ነበር፤ እሱ ነው ያስታወሰኝ።»

የእኔ ቃል ይሁን አይሁን አላውቅም። ጥይት ሰው ስም አይጠይቅም። አማቼ ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ብዙ ቆይተው ዓይናቸው ቀልቶ ተመለሱ። ሹፌሩ በልቶ ሄደ።

ባሌ ይህን እስክጽፍ ድረስ ገና አልመጣም። ልጄ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራለች።

ያን ዕለት ሹፌሩ ከሄደ በኋላ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ አጥብ ነበር። አማቴ ልጅቷን አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ከቆላው የተመለስኩ ዕለት ካሉኝ ወዲህ አንድም ቃል ለእኔ አልተናገሩም። አሁንም የሚናገሩ አልመሰለኝም። ልጅቷን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሯትና እንዲህ አሉኝ፦

«ስሟን እስኪ ቀስ ብለሽ በይልኝ፤ ሲመጣ ስጠራት እንዳልሳሳት።»